አሥራ ሰባት ጊዜ ይማርሽ

መጋቢት 11

ለአጎቴ፣

ሰላምታውን መጨረሻ ላይ አደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ይስሙኝ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከጫካው ውስጥ የራሴን ማስነጠስ ሰማሁ።

አላስነጠስኩም ነበር። መደበቂያዬ ውስጥ፣ በዚያች አረንጓዴ ሸራ ሥር፣ ጉልበቴን ወደ አገጬ ሰብስቤ፣ ዓይኔን ካሜራው ላይ ለጥፌ፣ ትንፋሼን በመሐረብ አፍኜ ተቀምጬ ነበር። ከፊቴ አሥራ ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ወፋችን ጠራጊው ሥራው ላይ ነው። እርስዎ በመጽሐፍ ስሙ ይጠሩታል፤ እንጨት ለቃሚዎቹ ግን ጠራጊው ነው የሚሉት፤ እኔም ከእነሱ ነው የተማርኩት። ለሴቷ ከመጨፈሩ በፊት የትሪ ስፋት ያላት መሬት ይመርጥና፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ በምንቃሩ እያነሳ ከክቡ ውጭ ይጥላል። የዚያን ቀን አንዲት ቅጠል ብቻ ቀርታው ነበር። ሴቷ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዳር ካለው ቅርንጫፍ ወርዳ፣ በተጠረገው መሬት ላይ አንድ እግሯን አሳረፈች። ሌላው እግሯ ገና አየር ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ከምሥራቅ በኩል ሌላ ወንድ ወፍ ጮኸ። ሦስት ፉጨት፣ ከዚያ ጠጠር በቆርቆሮ ላይ ሲንከባለል የሚመስለው ድምፅ። ቀጥሎ «እጢሽ!» የሚል የሴት ማስነጠስ። ቀጥሎ የጫካው ጥበቃ የጋሽ ሬዲዮ ድምፅ፣ በሹክሹክታ፣ «ይማርሽ»።

ይህን ቅጂ ያውቁታል። አምና እኔው ነኝ የቀዳሁት። ጋሽ ሬዲዮ፣ አፉ ስለማያርፍ ይህ ስም የወጣለት ሰውዬ፣ ያን ቀን ከመደበቂያው ሳይወጣ ዘግይቶ ነበር። እርስዎን ያስቅዎታል ብዬ ከነማስነጠሴ ላክሁልዎ። ከእርስዎ ሌላ ለማንም አልሰጠሁም።

ጠራጊው ቅጠሏን ጥሎ ባላንጣ ፍለጋ በረረ። ሴቷ ያሳረፈችውን እግር አነሳች፤ ሄደች። ድምፁ ግን ቀጠለ፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቆጠርኩት። በአንድ ጠዋት አሥራ ሰባት ጊዜ ይማርሽ ተባልኩ።

ወጥቼ ድምፁን ተከትዬ ሄድኩ። ስድስት ሰዎች በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ የክንዴን ርዝመት የሚያህል ሌንስ ወደ ዛፎቹ ደግነው ተቀምጠዋል። ዛፉ ሥር ድምፅ ማጉያ ተንጠልጥሏል። አንዲት ሴትዮ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «እሽሽ! ወፉን ታስበረግጊዋለሽ» አለችኝ። እኔን!

ባርኔጣ ያደረገው መሪያቸው ተነሳና ወደ እኔ መጣ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ይህ ቦታ የተያዘ ነው።»

«በማን?»

«በአስጎብኚ ድርጅታችን። አለቃችን ሦስት ዓመት ሙሉ ተደብቆ ያገኘው ቦታ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻውን ነዋ! ጉልበቱን የታመመው እዚህ ተቀምጦ አይደል እንዴ?»

እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። በእርሳስ የሳልኩት ካርታ ነው። ጥጉ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ «አጎቴ፣ እዚህ ጋ ጎንበስ በል፤ ቅርንጫፉ ግንባርህን ይመታሃል» ይላል። ስድስቱ ሰዎች አንድ ጭረት ሳይነካቸው የገቡት ለእርስዎ ግንባር ስለሳሳሁ ነው።

አሁን ሰላምታው። እናቴ ደህና ናት፤ ግፊቷም ወርዷል። እኔም ማስተማሬን ቀጥያለሁ፤ ዘንድሮ የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሰጥተውኛል። እርስዎስ ጤናዎ እንዴት ነው?

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ካርታውንና ድምፁን የሰጧቸው እርስዎ ነዎት? የመራቢያ ወቅቱ እስኪያልቅ አራት ወር ያህል ይቀራል፤ እስከዚያ ሰዎቹን ያስቆሙልኛል?

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 6

ለምሳሳልሽ ለጉጉቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ውድ እህቴስ እንዴት ናት? እኔ ከጉልበቴና ከእናንተ ናፍቆት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። እዚህ በሰው አገር ብርዱ ሊወጣ እያለ መለስ ይላል፤ ልክ እንደ አንቺ ቁጣ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፤ የእኛ ሥራ ዓይን ነውና።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እርስዎ» የሚለውን ሳይ ከግብር መሥሪያ ቤት የተላከ መስሎኝ ደንግጬ መነጽሬን ፈለግሁ። ከመቼ ወዲህ ነው እኔና አንቺ በእርስዎ የምንነጋገረው? ትከሻዬ ላይ አስቀምጬ የመጀመሪያውን ጎጆ ያሳየሁሽ እኔ አይደለሁም? ሌሊት እንደ ጉጉት ዓይንሽን አፍጥጠሽ እንቅልፍ ስትነሺን፣ «ጉጉቴ» ያልኩሽ እኔ አይደለሁም? ወፍ መቁጠር አትችልም፤ ሁለት ሆናችሁ ወደ መደበቂያው ግቡ፤ አንዳችሁ እያወራ ይውጣ፤ ወፏ የወጣውን ታይና ማንም የቀረ አይመስላትም ብዬ ያስተማርኩሽስ እኔ አይደለሁም?

ስላነሳሽው ጉዳይ ብዙ ባንጨነቅ ይሻላል። አብረውኝ የሚሠሩት ሰዎች አንዳንዴ ሳይጠይቁኝ ከጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት ያነሳሉ። ትልቅ ቢሮ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን መጥተሽ ታዪዋለሽ። ደግሞስ የእኔና የአንቺ የሚባል ነገር አለ እንዴ? ሁሉም የእኛው ቤት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ጠራጊው ቅጠል ነክሶ ዞር ያለባት ፎቶ አለች አይደል? የእሷን ያልተነካ የመጀመሪያ ፋይል ላኪልኝ፤ ለማኅደሬ ፈልጌው ነው። እኔ ጋ ያለው አንቺ አሳንሰሽ የላክሽው ነው። ከተቻለሽ ፈጠን በዪ።

የላክሁልሽ ሌንስ እንዴት ነው? አቧራ እንዳታስነኪው። ለእህቴ ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ።

የሚወድሽ አጎትሽ


ሚያዝያ 12

ለአጎቴ፣

ጤናዎን በመስማቴ ደስ ብሎኛል። ሁለት ጥያቄ ጠይቄ ስለ ጉልበትዎና ስለ ብርዱ መልስ አገኘሁ። እሱም ከአንድ ወር በኋላ።

እርስዎ ስላልጠየቁኝ ጠራጊው እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ። ቡድኖቹ ሦስት ጊዜ ተመልሰው መጡ። አንዱን ቡድን ጋሽ ሬዲዮ መንገድ ላይ አግኝቶ፣ ስለ ልጁ ሠርግ ከሽማግሌ መላክ ጀምሮ እስከ ድንኳን ማፍረስ ድረስ ሲያወራላቸው ፀሐይዋ ከፍ ብላ ተመልሰዋል። ሁለቱን ግን ማቆም አልተቻለም። እኔ በየጠዋቱ፣ ክፍል ከመግባቴ በፊት፣ የተጠረገችውን መሬት እሄድና አያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስምንት ቅጠል ወድቆባታል። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ አንድ። በአሥረኛው ቀን መቁጠር ተውኩ፤ የቱ ጋ እንደነበረችም ለማወቅ የእናቴ ክር ያስፈልገኝ ነበር።

ስለ ክሩ እነግርዎታለሁ። ከትናንት በስቲያ በመምህራን ማረፊያ ተቀምጬ ፈተና ሳርም፣ የሥዕል አስተማሪዋ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችና፣ «አንቺ፣ ይቺ ያንቺዋ ወፍ አይደለችም እንዴ?» አለችኝ። የትልቅ የፎቶ ውድድር ገጽ ነው። ለመጨረሻው ዙር የደረሱ አሥር ፎቶዎች ተደርድረዋል። አራተኛው ፎቶ ቅጠል ነክሶ ዞር ያለው ጠራጊዬ ነው። ከሥሩ የእርስዎ ስም አለ። ከስምዎ ሥር፣ «ሦስት የፍቅር ወቅት፣ ብቻዬን፣ በዝምታ» ይላል። የሥዕል አስተማሪዋ ወደ ታች ወረድ ስታደርገው የውድድሩ ደንብ መጣ። ለመጨረሻ ዙር ያለፈ ሰው ያልተነካውን የመጀመሪያ ፋይል ማቅረብ አለበት።

ማኅደርዎ ይህ ነው ለካ።

ፎቶውን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ አየችው። ከታች በግራ በኩል፣ ሣር ላይ የታሰረች ሰማያዊ ክር አለች፤ ርቀቱን እንዳልስት እኔ ያሰርኳት ናት።

«ይሄ የኔ ሹራብ ክር አይደል እንዴ?» አለች እናቴ። «እኔ ደግሞ ብል በላው ብዬ ስንት ቀን ቁም ሣጥኑን ስጠርግ!»

«አዎ፣ ያንቺ ነው።»

«ታዲያ እሱ የኔን ሹራብ የት አግኝቶ...» ብላ አቋረጠችው። መነጽሯን አወለቀች። «ቢሆንም አጎትሽ ነው። ወንድሜ እንደሆነ አንድ ነው» አለች።

ስለ እሷ ብዬ ነገሩን እስካሁን ለውድድሩ ሰዎች አልጻፍኩም። ፋይሉን ግን አልልክም።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 2

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

እንደ ትልቅ ሰው እንነጋገር። ስሜ ወጥቷል፤ ፋይሉ እስከ ግንቦት ሃያ ካልደረሰ ይሰረዛል። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት ስም ነው። ያቺን ፎቶ በአንቺ ስም ብናወጣት ማን ዞር ብሎ ያያት ነበር? አንድ የዘጠነኛ ክፍል አስተማሪ ያነሳችውን? እኔ ዓይን አስገኘሁላት። ሌንሱም ቢሆን የማን እንደሆነ አትርሺ።

አንቺ ወፉ ዕረፍት እንዲያገኝ ትፈልጊያለሽ። እኔ ቡድኖቹን በአንድ ስልክ ማስቆም እችላለሁ። ፋይሉ በደረሰኝ ዕለት እደውላለሁ፤ ቃሌ ነው። ወቅቱ ሊያልቅ ስንት ሳምንት እንደቀረው አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ።

ለእህቴ ይህን አታሳዪያት። ግፊቷ ከፍ ይላል።

አጎትሽ


ግንቦት 8

ለአጎቴ፣

የጠየቁት ፋይል ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባለው ፍላሽ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬም ተመልሷል። ማስቆም የሚችል ሰው የላካቸው ሰው ነው።

ስሜን ትሪ በምታህል መሬት ለውጬዋለሁ። ይደውሉ።


ሰኔ 17

ለዓይኔ ብርሃን ለጉጉቴ፣

እልል በዪ! አሸነፍን! አውቄ ነው «አሸነፍን» ያልኩት። አዳራሹ ሙሉ ሰው ተነስቶ አጨበጨበ፤ እኔም መድረኩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት አንቺን ነው። ጉልበቴ እንኳ ያን ዕለት አልታመመም። በሚቀጥለው መጽሐፌ የምስጋና ገጽ ላይ፣ ከሾፌሩ በላይ፣ ስምሽ ይኖራል። ፈጣሪ እጅሽን ይባርከው፤ የነካሽው ሁሉ ይለምልም።

ቃሌንም እንደጠበቅሁ አይተሻል። ከግንቦት አሥራ አምስት ወዲህ አንድ ሰው መጥቷል? አልመጣም። አጎትሽ እንዲህ ነው።

ትናንት ከእናትሽ ጋር በስልክ ተጫወትን። ምን ያህል ደስ እንዳላት! «ልጄ ፊቷ በራ፤ ወፉ ከወንዙ ማዶ አዲስ ቦታ መጥረግ ጀመረ» አለችኝ። ይህን ለእኔ ሳትጽፊልኝ? ተቀይሜሻለሁ፤ ግን አንቺን ብዙ መቀየም አልችልበትም።

እንግዲህ አንድ የመጨረሻ ነገር። ከሽልማቱ በኋላ እንቢ የማይባሉ ሰዎች ጠይቀውኛል። አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ ስድስት ሰው፤ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ይደርሳሉ። ቃል የገባሁት ስለ አሮጌው ቦታ ስለነበር የፈረሰ ነገር የለም። የወንዙን ማዶ ካርታ በእርሳስ ሳዪና ላኪልኝ። ጎንበስ የሚባልበትንም ቦታ መጻፍ አትርሺ፤ ለግንባሬ እዘኚለት እንጂ!

የሚወድሽ፣ የሚኮራብሽ አጎትሽ


ሰኔ 24

ለአጎቴ፣

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥዎ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ረጅም ዕድሜ ኖረው ይህን ደብዳቤ ደጋግመው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብኩላት። ይህኛውን ብቻ አይደለም፤ «አታሳዪያት» ያሉኝንም ጭምር። ግፊቷ ከፍ አላለም። ስለ ወንዙ ማዶ ነግራዎት እንደሆነ ስጠይቃት፣ «ደስ ያለሽን ነገር ነው እኮ የነገርኩት፤ ወሬ ነበር የመሰለኝ» አለች። ከዚያ ደብዳቤዎቹን ተቀብላኝ በልካቸው አጠፈቻቸው፤ እንደገና አጠፈቻቸው፤ ከዚያ በላይ አልታጠፍ እስኪሏት ድረስ። «ወንድሜ አንድ ነው ብዬሽ ነበር» አለች። «ልጄስ ስንት ናት?» ከዚያ ተነስታ ከቁም ሣጥኑ ሰማያዊ ሹራቧን አወጣችና ጭኔ ላይ ጣለችው። «ውሰጂው። ክሩ ከየት እንደተተረተረ የውድድሩ ሰዎች ይዩት።»

ስለዚህ የሆነው ይህ ነው። እኔ አንድ ፋይል ልኬልዎታለሁ። ጠራጊው ቅጠሏን ከማንሳቱ በፊት ያነሳኋቸው አሥራ አንድ ፎቶዎች፣ ዞር ካለ በኋላ ያነሳኋቸው አሥራ አራት ፎቶዎች እኔ ጋ ናቸው። እርስዎ ስለ እነሱ አልጠየቁኝም፤ ምክንያቱም እዚያ አልነበሩም፤ እዚያ ያልነበረ ሰው አንድ ፎቶ በስንት ፎቶ መካከል እንደምትወለድ አያስታውሰውም። ሃያ አምስቱንም፣ ከሹራቡ ፎቶ ጋር፣ ከደብዳቤዎችዎም ጋር፣ ለውድድሩ ሰዎች ሰኞ ዕለት ልኬአለሁ። የሥዕል አስተማሪዋ ቋንቋውን አርማልኛለች፤ አንድ ስድብ ብቻ አወጣችብኝ።

ሌንሱ በጎረቤታችን ነርስ እጅ ይደርስዎታል፤ ለትምህርት ወደዚያ እየመጣች ነው። ጠርጌዋለሁ፤ አንድ አቧራ የለበትም።

በመጋቢት ደብዳቤዎ... አይ፣ በመጋቢት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎማ ዘግይተዋል። በሚያዝያው ደብዳቤዎ፣ ወፍ መቁጠር እንደማትችል ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ ብለዋል። እውነት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ጋሽ ሬዲዮ ከእኔ ጋር ይገባል፤ እያወራ ይወጣል፤ ጠራጊው የወጣውን ያያል፤ እኔን ይረሳኛል። ከወፍ የተሻልኩ ይመስለኝ ነበር። ከእኔ ጋር ሁለት ሰው ነበር የገባው፤ አንዱ አጎቴ፣ ሌላው ደግሞ የእኔን ዓይን፣ የእኔን ጠዋት የሚፈልግ ሰውዬ። አጎቴ እየሳቀ፣ እያጫወተኝ፣ ጉጉቴ እያለኝ ወጣ። የወጣውን አይቼ ደህና ነኝ አልኩ። የቀረው ሰውዬ ሸራው ሥር ሆኖ ደግኖብኝ እንደነበር ያወቅሁት የራሴን ማስነጠስ ስሰማ ነው።

«እርስዎ» ከመቼ ወዲህ ነው ብለውኛል። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ነው። የማላውቀውን ሰው የማናግረው እንዲህ ነው።

ስለ ወንዙ ማዶ ሊያውቁ የሚገባዎትን ያህል ልንገርዎ። ሐሙስ ጠዋት ያለ ካሜራ ሄድኩ፤ ሌንሱን አሽጌው ነበር። ሩቅ ቆሜ በዓይኔ ብቻ አየሁ። ጠራጊው የመጨረሻዋን ቅጠል አውጥቶ ጣላት። ሴቷ ወረደች። አንድ እግር አሳረፈች፤ ሌላውንም አሳረፈች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ፎቶ አላነሳሁትም፤ ድምፁን አልቀዳሁትም፤ ለማንም አልተርከውም። ቦታውን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። ጋሽ ሬዲዮ ስለዚያ ቦታ እስካሁን ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ ምን ነካው ብላ ሐኪም ቤት ልትወስደው ነበር።

ስድስቱ ሰዎችዎ ቢመጡ የሚያገኙት በቅጠል የተሸፈነ አሮጌ መሬት ነው። ጎንበስ የሚባልበት ቦታም አለ፤ ለግንባራቸው የሚጽፍላቸው ሰው ግን የለም።

የምስጋና ገጽዎን አልፈልግም፤ ከሾፌሩ በላይም ሆነ በታች። ጉጉቴ አይበሉኝ። ለእናቴ ሲደውሉ ስለ ግፊቷ ይጠይቋት፤ ስለ እኔ ጠዋት አይጠይቋት። ከእንግዲህ እኔ ተቀምጬ የጠበቅሁትን ሌላ ሰው ቆሞ እንዲቀበልልኝ አልፈቅድም። የሥጋ ዝምድናን እንደ መደበቂያ ሸራ ለብሶ ደጄ የሚቀመጥ ሰው አልቀበልም። «የእኛ ቤት» የሚባለው፣ ሲሰጥ የእኔ፣ ሲወሰድ የእርስዎ የሆነው ቤት፣ እኔ የምኖርበት ቤት አይደለም። ፎቶው የእኔ ነው፤ ካርታው የእኔ ነው፤ ያንን ድምፅ ማጉያ እንደገና የትም ጫካ ውስጥ ቢያጮኹት አሥራ ስምንተኛውን «ይማርሽ» ዝም ብዬ አልሰማም። ማስነጠሴ እንኳ የእኔ ነው።